የሐዳሳ ተራ

ባህሩ እጁን ሊለቃለቅ ወደ ጓዳ እንደገባ፣ ሸዋንግዛው ከቼዝ ሰሌዳው አጠገብ የተቀመጠውን የጓደኛውን ስልክ ብድግ አደረገ። የአውሮፕላኗን ምልክት ፈልጎ ተጫናት፤ ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኩን እንደነበረው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ሌብነት የጀመረ መሰለው።

«ነካካህ አይደል?» አለ ባህሩ፣ እጁን በሱሪው እያደረቀ ሲመለስ።

ሸዋንግዛው ክው አለ። «ምኑን?»

«ሰሌዳውን ነዋ! ፈረሴ እዚህ አልነበረችም።»

«ፈረስህ እዚያው ናት። አንተ ነህ የረሳኸው። እርጅና ነው።»

«እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አላረጀሁም» አለና ባህሩ እየሳቀ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

ሸዋንግዛውም ሳቀ። ሳቁን ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ነበር የተነገረው፦ የባህሩ ልጅ ሐዳሳ ሞታለች። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ጅማ አቅራቢያ፣ ከመስክ ሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዘመድ ሰምቷል፤ ጎረቤት ሰምቷል፤ መሃል ከተማ ያሉ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ያልሰሙት አባቷና እናቷ ብቻ ናቸው።

መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው። አስከሬኑ ሌሊቱን ተጉዞ ይደርሳል፤ ሰው ይሰባሰባል፤ ሽማግሎቹና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ያኔ ባህሩ ቢወድቅ የሚደግፈው ክንድ አለ፤ ሚስቱ ሐና ብትጮህ የሚያቅፋት ሰው አለ። እስከዚያው ግን ሆድ ይፍጀው ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ለብቻው በር ላይ ቆሞ፣ ለሰው የልጁን ሞት የሚነግር ደፋር የለም።

ሥራውን ያከፋፈሉት የባህሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ በርናባስ ናቸው። የሐናን ስልክ እህቷ «የእኔ ተበላሽቶብኝ» ብላ በማለዳ ተውሳ ወስዳዋለች። የሐዳሳ ታናሽ ወንድም ያቤጽ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ገስግሶ ጅማ ገብቷል። የቀረው ባህሩ ነበር፤ ለእሱ አቶ በርናባስ እስከ ሸዋንግዛው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ድረስ በእግራቸው መጡ።

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ይያዙልን፣ አቶ ሸዋንግዛው» አሉት። «ያችን ጨዋታችሁን ተጫወቱ። ከሰሌዳው እንዳይነሳ። ከቤት እንዳይወጣ። የደም ግፊቱን ያውቁት የለ? ብቻውን ሆኖ ቢሰማ ሁለት ሬሳ ነው የምናነሳው።»

እኚሁ ሰው ናቸው ባለፈው ዓመት ቼዝን «የቁማር የአጎት ልጅ ነው» ብለው ባህሩን የገሠጹት። ሸዋንግዛው ኦርቶዶክስ በመሆኑ ከተግሣጹ ተርፏል። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህን አንስቶ ሳይተርባቸው አይለቃቸውም ነበር። ዛሬ ግን አንገቱን ብቻ ነቀነቀ፤ ሱቁን ለሚስቱ ለእህተማርያም ትቶ በባጃጅ ወደ ባህሩ ሰፈር፣ ወደ ታቦር ወጣ። ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ነበር ማልቀስ የጀመረው። ሹፌሩ በመስታወት አየው። ሸዋንግዛው ከመውረዱ በፊት ፊቱን በመሐረብ ጠራረገ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ቼዝ የተማሩት በወጣትነታቸው፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ሳሉ ነበር። ያኔ እራት እየረሱ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ኑሮ መጣ። አንዱ የመንግሥት ሥራ ያዘ፤ ሌላው ሁለት ዓመት አስተምሮ ወደ ንግድ ገባ፤ ትዳሩ፣ ልጁ፣ ቤት መሥራቱ ሲግተለተል ሰሌዳው የት እንደገባ ያስታወሰ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት እንደዚያው አለፈ። ባህሩ ጡረታ ሲወጣ ግን ቀኑ አልመሽ አለው። ቤት ውስጥ ይንጎራደዳል፤ ዜና ከፍቶ ከቴሌቪዥን ጋር ይጨቃጨቃል፤ ከጎረቤቱ ከሙሉቀን ጋር በአጥር ይጣላል። ግፊቱ ጣሪያ ነካ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲያበቃ «የሚያዝናናዎትን ነገር ይፈልጉ» አለው። ባህሩ ሐኪሙንም ተቆጣው።

«አባዬ፣ ድሮ ከጋሼ ሸዋ ጋር ቼዝ ትጫወቱ ነበር አይደል?» አለችው ሐዳሳ፣ ለገና ስትመጣ።

መልሱን አልጠበቀችም። በማግሥቱ ሰሌዳ ገዝታ መጣችና ሁለቱን ሰዎች ታቦር ባለው በረንዳ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። የመጀመሪያው ቀን ፈረስ እንዴት እንደምትሄድ ተከራክረው ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ከሳምንት በኋላ ግን ሸዋንግዛው ከሰዓት ሲሆን ሱቁ ውስጥ እግሩ አላርፍ ይለው ጀመር። ይመጣል፤ ይቀመጣሉ፤ ይተራረባሉ፤ ያሸነፈ ይፎክራል። ከበታቻቸው ሐይቁ በዛፎቹ መሃል ብልጭ ይላል። ቀኑን ሙሉ ስለ ዋጋ የሚቃጠለው ነጋዴ እዚያ በረንዳ ላይ ዋጋ የሚባል ነገር ይረሳል። የባህሩም ግፊት ወረደ። ሐና «ባሌን መለስሽልኝ» ብላ ልጇን በስልክ መርቃታለች።

ሐዳሳን ይህ ብቻ አልበቃትም። ወደ ሥራዋ ወደ ጅማ ከመመለሷ በፊት አባቷ ስልክ ላይ ቼዝ ጫነችለት። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ከርቀት ይጫወታሉ። እሷ አንድ ትሄዳለች፤ እሱ አንድ ይሄዳል፤ አንዱ ጨዋታ ሳምንታት ይፈጃል። እሷ የምትሄደው ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። ባህሩ ያችን አንዲት እርምጃ ሳያይ ቀኑ ቀን አይሆንለትም።

ዛሬ ተራው የሐዳሳ ነበር።

«እስካሁን አልመለሰችልኝም እኮ» አለ ባህሩ፣ ስልኩን አንስቶ እያየ። «ጠዋት ስደውል ዝግ ነው አለኝ። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ኔትወርኩም ጠፋ።»

«ኔትወርክ መቼ ኖሮ ያውቃል? የእኔም ጠፍቷል። መስክ ወጥታ ይሆናል» አለ ሸዋንግዛው። «ተጫወት። ተራው ያንተ ነው።»

ባህሩ አንድ ጠጠር አነሳና ሳያስብበት አስቀመጠ። ሸዋንግዛው ሰሌዳውን ያያል እንጂ የሚያየው ነገር የለም። እጁ እንደለመደው ሄዶ ከንጉሡ ጎን፣ ጥግ ላይ ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ወደፊት ገፋት።

«ይኸው! መስኮቱን ከፈተ!» ባህሩ ጠረጴዛውን መታ። «አንተ ሰውዬ ጠላት ገና ከቤቱ ሳይነሳ ለንጉሥህ የኋላ መስኮት ካልከፈትክ አይሆንልህም። ነጋዴ!»

«ንጉሤ ታፍኖ ከሚሞት…» ብሎ ሸዋንግዛው ቃሉን ዋጠው።

«ልጄ እንዳንተ አትፈራም። ንጉሧን ጥግ ላይ ጥላ በሙሉ ጦሯ ነው የምትመጣብኝ። ስትሸነፍም እየሳቀች ነው።»

በዚህ መሃል ከአጥሩ ባሻገር ሙሉቀን ብቅ አለ። ሙሉቀን ከዓምና የአጥር ጠብ ወዲህ ባህሩን ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ሰው ነው። ዛሬ ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሽ ባህሩ፣ ደህና ዋሉ? ጤናዎስ ደህና ነው? ወይዘሮ ሐናስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ባህሩ፣ አፉን እንደከፈተ።

ሙሉቀን ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ሳይሆንለት ቀረ፤ ባርኔጣውን በደረቱ እንደያዘ ወደ ቤቱ ገባ።

«ሰውየው ምን ነካው?» አለ ባህሩ። «ጠዋት ደግሞ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የዳቦ ቤቷ ልጅ ሂሳብ አልቀበልም ብላ ሞተች። ዛሬ ከተማው ሁሉ ምነው ደግ ሆነ?»

«ደግነት ያስጠላል እንዴ?»

«ያስፈራል።»

ሸዋንግዛው ንግሥቱን አንስቶ አንቀሳቀሳት። ባህሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ከላይ አየው። «ሸዋ፣ ንግሥትህን በነጻ ሰጠኸኝ። ዛሬ ምን ሆነሃል? ዓይንህም ቀልቷል።»

«ከእህተማርያም ጋር… ትንሽ ተጋጨን።»

ውሸቱ ከአፉ ሳይወጣ ነበር የጸጸተው። ባህሩ ሰሌዳውን ገፋ አድርጎ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣለለት።

«በዚህ ዕድሜ?» አለው በለሰለሰ ድምፅ። «ተው፣ ወንድሜ። ስትመለስ ከሐይቁ ዳር ትኩስ ዓሣ ግዛላት። ይቅርታም አትበል፣ ዝም ብለህ ዓሣውን ስጣት። ሐና ዘንድ ሁልጊዜ ይሠራል። ቤት ውስጥ ኩርፊያ ሲያድር ነው የሚከፋው።»

ይህ ሰው፣ ነገ ጠዋት ዓለም የሚገለበጥበት ይህ ሰው፣ ተቀምጦ ያጽናናዋል። ሸዋንግዛው መቻል ስላቃተው ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ተነሣ፤ ቧንቧውን ከፍቶ በውኃው ድምፅ ተሸፍኖ አለቀሰ። ሐዳሳን ክርስትና ያነሣት ያህል ነበር የሚወዳት። ልጅ ሳለች ሱቁ ውስጥ አምፖል እየቆጠረች ያደገች ናት። ጥርሷ ሲነቀል መጥታ ያሳየችው ለእሱ ነበር።

ሲመለስ ባህሩ ቆሞ ጃኬቱን እየለበሰ ነው።

«ወዴት ነው?» አለው ሸዋንግዛው፤ ጮኸ ማለት ይቀላል።

«እስከ አስፋልቱ ልውረድ። እዚያ ኔትወርክ አይጠፋም። ካልሆነም ሙሉቀን ዛሬ ደግ ሆኗል፣ የእሱን ስልክ እዋሳለሁ። ልቤ አላርፍ አለኝ። ዝግ፣ ዝግ፣ ዝግ… ሐዳሳ ስልኳ ቢዘጋ በሰው ስልክ ትደውላለች እንጂ እንዲህ አትሆንም።»

እስከ አስፋልቱ ያሉት በሮች በሙሉ ሰምተዋል። ከአንዱ በር አንዲት ሴት ብትወጣና ብታየው፣ አንዷ ብቻ እንባዋን መያዝ ቢያቅታት፣ ባህሩ መንገድ ላይ ይወድቃል። ሸዋንግዛው ይህን በዓይነ ሕሊናው አየው።

«ተቀመጥ» አለ። «እኔ ልሂድልህ። የማታ ኪኒንህን ዋጥና ጠብቀኝ። ደውዬላት እመጣለሁ።»

«ምን ይላል ይሄ፣ እግር የለኝም እንዴ?»

«እየተሸነፍኩ ነው። ትንሽ ነፋስ ልቀበልበት፤ አንተ ሰሌዳውን ጠብቅ።»

ባህሩ እያጉረመረመ ተቀመጠ። ሸዋንግዛው ከግቢው ወጥቶ የአጥሩን ጥግ ታከከ። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ደውዬ አጣኋት ቢል ባህሩ ራሱ ይወጣል። አገኘኋት ቢል ድምፅዋን አሰማኝ ይላል። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ማንም አልመከረውም፤ የራሱ ሐሳብ ነው። ወደ ያቤጽ ደወለ።

«ጋሼ…» አለ ያቤጽ። ድምፁ ሻክሯል፤ ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል። «አባዬ ሰማ እንዴ?»

«አልሰማም። ያቤጽ፣ የእህትህ ስልክ አንተ ዘንድ ነው?»

«ቦርሳዋ እኔ ጋ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ነው፤ መክፈቻ ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ።»

«ክፈተው። ቼዙን ግባበት።»

«ምን አሉኝ፣ ጋሼ?»

«ተራው የእሷ ነው። አባትህ እርምጃዋን እየጠበቀ ነው፤ ካልመጣለት ከቤት ሊወጣ ነው። ከወጣ ደግሞ መንገድ ላይ ይሰማል። አንዲት እርምጃ ብቻ። እስኪነጋ እንዲያድርልን።»

«እኔ ቼዝ አልችልም እኮ፣ ጋሼ። የቱን ነው የምነካው?»

«ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ።»

ፎቶው መጣ። ከላይ «አባዬ» የሚል ስም፣ ከታች የሐዳሳ ጠጠሮች። ፈረሷ ብቻዋን አባቷ ሰፈር ውስጥ ጠልቃ ገብታለች፤ ሊበሏት የደረሱ ወታደሮች ከበዋታል። ንጉሧ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ የሚጠብቀው እዚህ ግባ የሚባል ጦር የለም። ሐዳሳ ብትሆን ምን ትሄድ ነበር? ሸዋንግዛው ሊያስብ ሞከረ። ፎቶው በእንባ ተጋረደበት። የታየው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ንጉሧ ማምለጫ የለውም። ለልጅቷ ማምለጫ ሊያበጅላት ፈለገ። ረፍዷል፣ ያውቃል፤ ግን ሌላ ምንም አልታየውም።

«ከታች፣ በስተቀኝ፣ ንጉሧ አጠገብ» አለ። «ጥግ ላይ ያለችውን ወታደር አንድ ወደፊት ግፋት።»

«ይቺን የዳሯን?»

«እሷን።»

ቀጥሎ ያቤጽ ማልቀስ ጀመረ፤ እንደ ሕፃን፣ ሳይደብቅ። «ሄደች፣ ጋሼ። አሁን የአባዬ ተራ ነው ይላል።»

«አይዞህ፣ ልጄ። አይዞህ። አብረሃት ሁን» አለና ሸዋንግዛው ስልኩን ዘጋው።

በረንዳው ላይ ሲደርስ ባህሩ ተነሥቶ ጠበቀው። «አገኘሃት?»

«ስልኳ ባትሪ ጨርሶባት ነበር አሉኝ የሥራ ጓደኞቿ። ስጠኝ እስኪ፣ ይሄን ኔትወርክህን ላስተካክለው።» ጀርባውን ሰጥቶ የአውሮፕላኗን ምልክት አጠፋት። ስልኩ ቲን አለ። ሌላ መልእክት ሳይከተል ፈጥኖ መልሶ ተጫናት፤ ለባህሩም አቀበለው።

«መለሰችልኝ!» የባህሩ ፊት እንደ ልጅ ፊት ፈካ። ወደ ቤት ዞሮ ጮኸ፦ «ሐና! ሐዳሳ መለሰችልኝ!»

«ተመስገን!» አለች ሐና ከማድ ቤት። «እናትሽን ረሳሻት ወይ በልልኝ! ስልኬን ያቺ እህቴ ይዛብኝ ቀረች።»

ሸዋንግዛው ወንበሩ ላይ ወደቀ ማለት ይቀላል። ተገላገልኩ ብሎ አሰበ፤ እስኪነጋ ይበቃል ብሎ አሰበ። ባህሩ መነጽሩን ጠርጎ አደረገና ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር። ጣቱን አነሣ፣ መለሰው። የጨዋታውን የቀድሞ እርምጃ አየ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ፤ እሱ ራሱ መሄዱን ያወቀ አይመስልም።

«ሸዋ» አለ።

«አቤት።»

«ይሄ የሐዳሳ አይደለም።»

«እንዴት ማለትህ ነው? ከእሷ ስልክ አይደለም እንዴ የመጣው?»

«ከእሷ ስልክ ነው።» ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። «ፈረሷ እየተበላች ነው። ሐዳሳ ፈረሷን ጥላ ለንጉሧ መስኮት አትከፍትም። መስኮት የምትከፍተው አንተ ነህ።»

«ከእኔ አይታ ተምራ ይሆና…»

«ካንተ ምን ትማራለች? ስትስቅብህ ነው የምትውለው።» ባህሩ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሙሉቀን ሰላም አለኝ። ዳቦ ያለ ዋጋ ተሰጠኝ። ኔትወርኩ አንተ ስትነካው መጣ፣ ስትለቀው ጠፋ። ከእህተማርያም ጋር ደግሞ በሕይወትህ ተጋጭተህ አታውቅም።»

ሸዋንግዛው እጆቹን ያይ ነበር።

«ታማለች በለኝ» አለ ባህሩ።

ሰው የሚለው ይኼንን ነው። መጀመሪያ ታማለች ይባላል፤ ቀጥሎ ጠንቶባታል ይባላል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወረዳል። ሸዋንግዛው አፉን ከፈተ። ታማለች የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሚያውቀውን ፊት ሲያይ ግን አልወጣም አለችው።

«በል እንጂ! ሆስፒታል ገብታለች በለኝ። ዋሸኝ።»

ሸዋንግዛው ዝም አለ።

ባህሩ ገባው። የጃኬቱን እጅጌ አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰው፤ ትከሻው ይርገፈገፋል፣ ድምፅ ግን የለም። ሸዋንግዛው ወንበሩን ስቦ በእሱና በቤቱ በር መሃል ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ያዘለት። ሁለቱም አለቀሱ። ሸዋንግዛው በውስጡ ሲያደርስ የነበረውን ልመና ሁሉ ረስቶ «ይቺን ሰዓት ብቻ፣ ልቡ ይቺን ሰዓት ብቻ ትቻልልኝ» እያለ ነበር።

«ምን ሆና ነው?» አለ ባህሩ በመጨረሻ።

«መኪና ነው። ትናንት ማታ።»

«ያቤጽስ?»

«አብሯት ነው። መንገድ ላይ ናቸው።»

«መቼ ነው የምትመጡት?»

«ጎህ ሲቀድ።»

ባህሩ ራሱን ነቀነቀ። እሱም በሌሎች ሰዎች በር ላይ ጎህ ሲቀድ የቆመ ሰው ነው፤ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ዓይኑን በእጁ መዳፍ ጨፈነ።

ሸዋንግዛው ስልኩን አወጣ። «ለአቶ በርናባስ ልደውል። አንተ ካወቅህ መጠበቅ የለብንም። አሁኑኑ ይምጡ፣ ሰው በዙሪያህ ይሁን፤ ግፊትህ…»

«ቆይ።»

«ባህሩ፣ ብቻዬን ልይዝህ አልችልም።»

«ቆይ አልኩህ።»

ከውስጥ የሳህን ድምፅ ተሰማ። ሐና በመስኮት ብቅ ሳትል ድምፅዋን ብቻ ላከች፦ «እናንተ ሰዎች፣ መሸ እኮ! ራት ቀርቧል፤ ዓሣው ሊቀዘቅዝ ነው። ጋሽ ሸዋ፣ ዛሬ ቤቴ እበላለሁ ብለህ አታመልጠኝም!»

«መጣን!» አለ ባህሩ። ድምፁ እንዴት እንደዚያ ደህና ሆኖ እንደወጣ ሸዋንግዛው አልገባውም። ቀጥሎ ወደ እሱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጾም ጸሎት ይዛ ነው የዋለችው። ለልጆቹ ነው የያዘችው። አሁን ነው የምትፈታው።»

ሸዋንግዛው ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

«ነገ ከነጋ በኋላ ማን ነው ጉርሻ በአፏ የሚያስገባላት?» አለ ባህሩ። «እናቷ የሞተች ጊዜ ሳምንት ሙሉ ውኃ ብቻ ነበር። ዛሬ ትብላ። ከዚያ ትተኛ። ነገ እንደ ሥርዓቱ ትመጣላችሁ።»

«ፊቷ ተቀምጠህ ልትበላ? ትችላለህ?»

«አልችልም። አንተ ግን ከጎኔ ሁን። እኔ ዝም ካልኩ አንተ ተናገር።»

ቀኑን ሙሉ ሸዋንግዛው የሚመኘው ከዚያ ቤት መውጣት ነበር። ለሽማግሎቹ አስረክቦ፣ ቤቱ ገብቶ፣ እህተማርያም ትከሻ ላይ ወድቆ ማልቀስ። ስልኩ እጁ ውስጥ ነዘረ፤ የአቶ በርናባስ ስም በራ። እንዴት ነው ሊሉት ነው። ወሬውን ከእሱ የሚጠብቁ ስንት ሰዎች እንዳሉ ያውቃል፤ ሳይነግራቸው ቀርቶ ሌሊቱ አንድ ነገር ቢያመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስልኩ ነዝሮ ነዝሮ ዝም አለ። ሸዋንግዛው ሙሉ ለሙሉ ዘግቶ ኪሱ ከተተው፤ ባህሩን በክርኑ ደግፎ አነሣው።

ሐና በሩ አጠገብ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆማለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ፊቷ በጾሙ ገርጥቷል፣ ግን ብሩህ ነው። በመጀመሪያ ለባሏ እጅ ውኃ አፈሰሰች።

«እጅህ ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?»

«በረንዳው ነፋስ አለው» አለ ባህሩ።

ገበታው ዙሪያ ተቀመጡ። ሐና ዓይኗን ጨፍና አጭር ጸሎት አደረሰች፤ የልጆቿን ስም በየተራ ጠራች፤ መንገዳቸውን ባርክ አለች። ባህሩ አሜን አለ። ከዚያ ከዓሣው መርጦ፣ አጥንቱን በጣቱ ለቅሞ አወጣና በእንጀራ ጠቅልሎ ወደ አፏ ወሰደላት።

«ውይ!» ሐና ሳቀች። «ዛሬ ምን ታየህ? ጋሽ ሸዋ ፊት ታሳፍረኛለህ እንዴ?» ግን አፏን ከፈተች፤ ጎረሰች። ሁለተኛውንም ጠቀለለላት። እሱ ራሱ አንድም አልጎረሰም፤ እሷ ግን ርቧት ስለነበር አላየችም።

ሐና ውኃ ተጎነጨችና እጇን ወደ ዓሣው እየዘረጋች ጠየቀች። «ለመሆኑ ሐዳሳ እንዴት ናት? ጨዋታውስ ማን እያሸነፈ ነው?»

ባህሩ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም። ሐናም ቀና ልትል ነው።

«እሷ ናት» አለ ሸዋንግዛው። ከገበታው ቆርሶ ጎረሰ፤ እያላመጠም ፈገግ አለላት። «እያሸነፈችው ነው። ለዚያ ነው ያኮረፈው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች ሐና፤ ደስ ብሏት ሌላ ጎረሰች።